የምግብ ትርፍራፊና የፈቃድ አደራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ስም በተማሪ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበብ ተወካይ በዛሬው ቀን ይናገራል ሲባል ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ይነግረናል ብሎ የጠበቀ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እኔ የመረጥኩት ርእስ ግን ከማድ ቤት ጓሮ የማይርቅ ነው። ከማዕድ የሚተርፈው ምግብ፣ ከዕርድም የሚተርፈው አጥንት፣ ደም፣ ሞራና ፈርስ ወዴት ይሄዳል? መልሶ ለጥቅም ማዋሉስ የሚፈቀደው ለማን ነው? ፈቃድ መጠየቅስ ስለ ምን አስፈለገ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ እሞክራለሁ።

ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ታላቅና የሠለጠነ አገር ለዚህ ትንሽ ነገር ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳቱን በገዛ እጁ ለመግደል ተገዷል። ይህም አገር እንግሊዝ ነው። የእንግሊዝን ታሪክ አስረጅ አድርጌ የመረጥኩት፣ የሆነው ሁሉ በመርማሪ ጉባኤዎች ተመርምሮ ለሕዝብ በይፋ የታተመ ስለ ሆነና ሕጉም ከጥፋቱ እንዴት እንደ ተወለደ ደረጃ በደረጃ መከታተል ስለሚቻል ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ወሮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ትርፍራፊ ሀብት መሆኑን እንወቅ። እናቶቻችን ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም። ከጠላው ጋን የሚወጣው አተላ ለላም ይሰጣል፤ ከወፍጮ ቤት የሚወጣው ፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያው የሚወጣው ፋጉሎ ከብት ያደልባል፤ አዛባው ደርቆ ኩበት ይሆናል፣ ወይም በጓሮ ተበትኖ ጎመኑን ያፋፋል። በቄራም እንዲሁ ነው። ቆዳው ለጫማ፣ ሞራው ለሳሙና፣ አጥንቱ ለሙጫና ለጄላቲን፣ ደሙም ደርቆ ለማዳበሪያ ይውላል። እንግሊዞችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1939 እስከ 1945፣ ምግብ ባጠራቸው ጊዜ በየመንገዱ ዳር በርሜል እያቆሙ፣ የየቤቱን የድንች ልጣጭና የዳቦ ቁራሽ እየሰበሰቡና እየቀቀሉ አሳማ ቀልበውበታል።

ዛሬ ደግሞ የትርፍራፊው ብዛት ከምንገምተው በላይ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው መግለጫ፣ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ምግብ እንደ ተጣለ፣ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 60 የሚሆነው ከመኖሪያ ቤቶች እንደ ወጣ ገምቷል። ይህ ሁሉ በጉድጓድ ተጥሎ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም የምድርን ሙቀት ይጨምራል። ያው ትርፍራፊ በተዘጋ ጋን ውስጥ እንዲብላላ ቢደረግ ግን፣ ጋዙ መብራት ያበራል፣ ዝቃጩም መሬት ያዳብራል። እንግዲህ መልሶ ለጥቅም ማዋሉ መልካም መሆኑን የሚጠራጠር የለም። የሚያከራክረው እንዴትና በማን እጅ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በደንብ ልናስተውል ይገባናል። አተላና ፉርሽካ የእህል ውጤቶች ናቸው። ሥጋና አጥንት ግን የወጡበትን እንስሳ በሽታ ይዘው ሊዞሩ ይችላሉ። ለምሳሌ የከብትን አፍና ሰኮና የሚያቆስለው የአፍተግር በሽታ ቫይረስ በቀዘቀዘ ሥጋና በአጥንት መቅኒ ውስጥ ሳይሞት ብዙ ቀን ይቈያል። ሥጋውን የበላ ሰው አይታመም ይሆናል፤ የተረፈውን የበላ አሳማ ግን ይታመማል፤ የታመመው አሳማም በትንፋሹ ለጎረቤት በግ፣ በጉም በገበያ ለሌላው መንጋ ያስተላልፋል።

ሌላው ችግር ትርፍራፊ አንዴ ከተደባለቀ በኋላ ከየት እንደ መጣ መለየት አለመቻሉ ነው። የሸተተ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ንጹሕ መስሎ የሚታየውም ሁሉ ጤና የለውም። ዓይንና አፍንጫ ሊመሰክሩ ባልቻሉበት ነገር መዝገብና ቴርሞሜትር ሊመሰክሩ ግድ ሆነ። የፈቃድ ሕግ ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንግባ። በእንግሊዝ አገር ከቄራ የሚተርፈውን ሥጋና አጥንት በሙቀት አድርቆና ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ፣ ዱቄቱንም በከብት መኖ ውስጥ መጨመር የቆየ ልማድ ነበር። ዱቄቱ ፕሮቲን የሞላበት ስለ ሆነ ጥጃ ያሳድጋል፣ ወተትም ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ሣር በል የሆነችው ላም ሳታውቀው የላም ሥጋ በላች። በኖቬምበር 1986 የእንስሳት ሐኪሞች አንድ እንግዳ በሽታ ለይተው አወቁ። የታመሙት ላሞች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይደነብራሉ፣ መቆም አቅቷቸው ይወድቃሉ፤ አንጎላቸውም ሲመረመር እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ይገኛል። ሕዝቡም በሽታውን የላም እብደት ብሎ ጠራው። የበሽታው መንሥኤ ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ፕሪዮን እንደ ተራ ጀርም በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። በሽታው መጀመሪያ ከየት እንደ ተነሣ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ የተዛመተው በዚያ የሥጋና የአጥንት ዱቄት መሆኑን ግን አረጋግጠዋል።

መንግሥቱ በጁላይ 1988 ዱቄቱ ለሚያመሰኩ እንስሳት፣ ማለት ለላምና ለበግ፣ እንዳይሰጥ ከለከለ። ለአሳማና ለዶሮ መስጠት ግን አልተከለከለም ነበር። በአንድ የመኖ ፋብሪካ ውስጥ የዶሮው መኖ በወረደበት ማሽንና ቧንቧ የላሙም መኖ ይወርድ ነበርና፣ የተከለከለው ዱቄት በጥቂቱም ቢሆን ለላሙ መድረሱ አልቀረም። ከዚህም የተነሣ ክልከላው ከወጣ በኋላ ከተወለዱት ላሞች መካከል እንኳ ከ40,000 የሚበልጡ ታመሙ። ጓደኞቼ ሆይ፣ ሕግ አወጣን ብሎ መተኛት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ አስረጅ አላገኘሁም።

ማርች 20 ቀን 1996 የጤና ሚኒስትሩ በፓርላማ ቆመው፣ በላሞቹ በሽታና በሰዎች ላይ በታየው አዲስ የአንጎል በሽታ መካከል ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል አስታወቁ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ የከብት ሥጋ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ታገደ፤ የሥጋና የአጥንት ዱቄትም ለማናቸውም የእርባታ እንስሳ እንዳይሰጥ ተደረገ። በጠቅላላው ከ180,000 በላይ ላሞች መታመማቸው ተረጋገጠ፤ ለጥንቃቄ ሲባል ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ከብቶች ተገደሉ። በዚያው አገር በሰው ላይ በታየው በሽታ የሞቱት 178 ናቸው፤ ብዙዎቹም ገና ወጣቶች ነበሩ።

ሁለተኛው ታሪክ የ2001 ነው። ለአሳማ የሚሰጠው የወጥ ቤት ትርፍራፊ ያን ጊዜ ያለ ሕግ የተተወ አልነበረም። ከ1973 ጀምሮ የጸና ደንብ ነበረ። ደንቡም ሥጋ የነካው ትርፍራፊ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ ሳይቀቀል ለአሳማ እንዳይሰጥ፣ ይህንንም ሥራ የሚሠራ ሰው የፈቃድ ወረቀት እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። ለ28 ዓመት ያህል በዚህ ተሠራ። በ2001 መግቢያ ላይ በአገሪቱ ካሉት አሳማዎች ትርፍራፊ የሚመገቡት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2001 በኤሴክስ አውራጃ በአንድ ቄራ ውስጥ በነበሩ አሳማዎች ላይ የአፍተግር በሽታ መኖሩ ተረጋገጠ። የመንግሥት ሐኪሞች የአሳማዎቹን መምጫ ወደ ኋላ እየተከተሉ ቢመረምሩ፣ ፍለጋው በሰሜን በኩል በኖርዘምበርላንድ አውራጃ ወዳለ አንድ የአሳማ እርባታ አደረሳቸው። የእርባታው ባለቤት ፈቃድ ነበረው። እርባታውንም ወረርሽኙ ከመታወቁ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ጎብኝቶት ነበር። ሆኖም ባለቤቱ በ2002 በፍርድ ቤት ከተረጋገጡበት ጥፋቶች ውስጥ፣ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ለአሳማዎች መስጠቱና በሽታ መግባቱን ለመንግሥት አለማስታወቁ ይገኙበታል።

ቫይረሱ ከአሳማዎቹ በነፋስ ወደ ጎረቤት እርባታ ተሻገረ። በበግ ላይ ምልክቱ ደካማ ስለ ሆነ፣ ማንም ሳያውቅ የታመሙ በጎች ወደ ሄክሳም ገበያ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ገበያዎች ተነዱ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን በመላ አገሪቱ የእንስሳት እንቅስቃሴ ሲታገድ በሽታው ቀድሞ ተበትኖ ነበር። እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2001 ድረስ በ2,026 ቦታዎች ተገኘ። ከ6 ሚሊዮን በላይ በጎች፣ ከብቶችና አሳማዎች ተገድለው፣ የሚበዙት ሳይታመሙ፣ ተቃጠሉ ወይም ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንጋ ሲያረቡ የኖሩ ገበሬዎች በአንድ ቀን በረታቸው ባዶ ቀረ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2002 እንደ ገመተው፣ በመንግሥት በኩል ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ፣ በግል ድርጅቶችና ነጋዴዎች በኩል ደግሞ ከ5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ ደርሷል።

የከብት በሽታ ለሕዝብ ምን እንደሚያመጣ ለኢትዮጵያዊ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1887 አካባቢ በምጽዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ የአገራችንን በሬ ጠራርጎ ጨርሶ፣ እርሻው ጾሙን አድሮ፣ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ እንደ መጣ አያቶቻችን ለልጆቻቸው ነግረዋል። ያ የመጣው በሕይወት ባለ ከብት ነበር። የእንግሊዙ ደግሞ በተጣለ ቁራሽ ውስጥ ሊመጣ እንደሚችል አሳየ።

ከሁለቱ ጥፋቶች በኋላ የወጣው ሕግ ምን ይላል? እንግሊዝ ሜይ 24 ቀን 2001 የወጥ ቤት ትርፍራፊ ለአሳማ መስጠትን ፈጽማ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2002 ስለ እንስሳት ተረፈ ምርት ቁጥር 1774 የሆነውን ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ በ2009 በቁጥር 1069 ተተካ፤ ዝርዝር አፈጻጸሙም በ2011 በቁጥር 142 ተጻፈ። እንግሊዝ በ2020 ከኅብረቱ ብትወጣም እነዚህን ደንቦች በራሷ ሕግ ውስጥ አስቀርታለች።

ሕጉ ከእንስሳ የሚተርፈውን ሁሉ በሦስት ምድብ ይከፍለዋል። አንደኛው ምድብ እጅግ አደገኛው ነው። በፕሪዮን በሽታ የተጠረጠረ እንስሳ፣ እንዲሁም ዕድሜው ከተወሰነው ያለፈ ከብት የራስ ቅሉና ሕብለ ሠረሠሩ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዋናው ዕጣቸው መቃጠል ነው፤ ወደ መኖም ሆነ ወደ እርሻ መሬት አይመለሱም። ሁለተኛው ምድብ በእርባታ ላይ እንዳለ የሞተ አሳማና ዶሮ፣ ፍግ፣ ፈርስና ይህን የመሰለው ነው። የሞተው እንስሳ ከ50 ሚሊሜትር በማይበልጥ ቁራጭ ተፈጭቶ፣ በ133 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ3 ባር የእንፋሎት ግፊት ለ20 ደቂቃ ከታከመ በኋላ ለማዳበሪያ ወይም ለጋዝ ሊውል ይችላል። ሦስተኛው ምድብ ጤናማነቱ ከተመሰከረለት እንስሳ የተገኘ፣ ነገር ግን ሰው የማይበላው ክፍል፣ እንዲሁም የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው። ከዚህ ከቄራ የሚገኘው ለውሻና ለድመት ምግብ ሊሆን ይችላል፤ የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ግን ወደ ጋዝ ወይም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ እንጂ ወደ እርባታ እንስሳ አፍ አይሄድም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል አንድ ሥርዓት አለ። ምድቦቹ ከተደባለቁ ድብልቁ በሙሉ የከፋውን ምድብ ስም ይይዛል። አንድ አካፋ የአንደኛ ምድብ ነገር በአንድ መኪና ሦስተኛ ምድብ ላይ ቢደፋ፣ መኪናው ሙሉ ወደሚቃጠለው ይሄዳል። ስለዚህ ዕቃ መያዣዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ ለአንደኛው ጥቁር፣ ለሁለተኛው ቢጫ፣ ለሦስተኛው አረንጓዴ ምልክት ተመድቧል። ጭነቱም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጽ ሰነድ ይዞ ይጓዛል፤ ሰነዱም ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠብቆ ይቀመጣል።

አሁን አንድ ሰው በእንግሊዝ አገር ከሆቴሎች ትርፍራፊ ሰብስቦ የባዮጋዝ ፋብሪካ ላቋቁም ቢል ምን ይጠየቃል? በመጀመሪያ ከሁለት ወገን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዱ የእንስሳትን ጤና ከሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ውኃንና አየርን ከሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ነው። በግቢው ውስጥ ጥሬው ትርፍራፊ የሚራገፍበት ቦታ ከታከመው መውጫ ተለይቶ መሠራት አለበት፤ ቆሻሻውን የነካ አካፋም ሆነ ጎማ ሳይታጠብ ወደ ንጹሑ ወገን አያልፍም። በአውሮፓው ደንብ መሠረት ትርፍራፊው ከ12 ሚሊሜትር በማይበልጥ መጠን ተፈጭቶ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ መሞቅ አለበት። ሙቀቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ይተከላል፤ መሣሪያው ያልመዘገበው ሙቀት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከጋኑ የሚወጣው ዝቃጭ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በ25 ግራም ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ጀርም ፈጽሞ መገኘት የለበትም። ዝቃጩ በግጦሽ መሬት ላይ ከተበተነም በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ሳያልፍ ከብት አይሰማራበትም።

ይህ ሕግ እኛ ኢትዮጵያውያንን የሚነካበትም በር አለው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለንደን የሚያርፍ አውሮፕላን ውስጥ መንገደኛው ሳይጨርሰው የቀረው ምግብ፣ ሥጋው ጤናማ ቢሆንም እንኳ፣ ከሌላ አገር ስለ መጣ ብቻ በአንደኛው ምድብ ይመደባል። ስለዚህ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ወይም ለዚሁ በተፈቀደ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ይህ አገራችንን ለመናቅ የተደረገ አይደለም፤ ከአሜሪካ ወይም ከሕንድ ለሚመጣውም ሕጉ አንድ ነው። በ2007 ወደ ጆርጂያ አገር የገባው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ከመርከብ በወረደ የምግብ ትርፍራፊ እንደ መጣ ይታመናል፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቶ በ2018 ቻይና ደርሷል።

በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብም ቢሆን በጓሮው ዶሮ ቢያረባ፣ ከወጥ ቤቱ የወጣ የእንጀራ ፍርፋሪ ለዶሮዎቹ መስጠት በሕግ ተከልክሎበታል። የጾም ወራት ነው፣ ምግባችን ሽሮና ጎመን ብቻ ነው ብሎ መከራከር አያድነውም። ሕጉ የሚመለከተው የዛሬውን ወጥ ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤቱን ነውና፣ በፋሲካ ዶሮ የሚታረድበት፣ ቅቤ የሚነጠርበት ቤት በጾምም ያው ቤት ነው። ከጓሮው በቀጥታ የተቀጠፈ፣ በወጥ ቤቱ ያላለፈ ጎመን ግን ለዶሮ ቢሰጥ አይከለከልም።

በዚህ ሕግ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፌታም መሰማት ይገባዋል። አንዳንዶች ሕጉ የከበደው በድኻው አርቢ ላይ ነው ይላሉ። እውነትም በሜይ 2001 ሥራቸውን ያጡት ትርፍራፊ ቀቃዮች ሁሉ ጥፋተኞች አልነበሩም። በየማለዳው ተነሥተው፣ እሳቱን አንድደው፣ ሰዓቱን ጠብቀው በቅንነት ይቀቅሉ የነበሩም አብረው ተዘግተዋል። ሌሎች ደግሞ ለአሳማ ሊበቃ የሚችል ምግብ እየጣሉ በምትኩ ከባሕር ማዶ አኩሪ አተር ማስመጣት ብክነት ነው ይላሉ። ጃፓን በ2001 ሥራ ላይ ባዋለችው የምግብ ትርፍራፊ ሕግ መሠረት፣ በፋብሪካ በሙቀት የታከመ ትርፍራፊ ለአሳማ መኖ እንዲሆን መፍቀዷን በምሳሌነት ያቀርባሉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 ከአሳማ የተገኘ ፕሮቲን ለዶሮ፣ ከዶሮ የተገኘውም ለአሳማ እንዲሰጥ ጥብቅ በሆነ ሁኔታ ፈቅዷል። የራሱን ወገን ሥጋ ለራሱ መመገብ ግን እስከ ዛሬ ክልክል ነው።

እኔ ሁለቱንም ወገን ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበት አሳብ ይህ ነው። በ1973ቱ ደንብ የተጻፈው ሙቀት የአፍተግርን ቫይረስ ለመግደል የሚበቃ ነበር። የጎደለው እሳት አልነበረም፤ የጎደለው ታማኝነትና ታማኝነቱን የሚመረምር ዓይን ነው። ፈቃድ ማለት መንግሥት በሕዝብ ስም ለአንድ ሰው የሚሰጠው አደራ ነው። እያንዳንዱን ጋን ሕዝቡ ሁሉ እየዞረ ሊያይ ስለማይችል፣ አንተ እይልን፣ መዝግብልን ብሎ ያምነዋል። አደራ በላ የሆነ አንድ ባለፈቃድ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። የጎረቤቱን በግ ያስገድላል፤ እንደ እርሱ ፈቃድ የያዘውን ቅን ሰው እንጀራ ያስዘጋል፤ ሕዝቡም ከዚያ ወዲያ በፈቃድ ላይ እምነት እንዲያጣ ያደርጋል። የጃፓኑ መንገድ ይሻላል ወይስ የአውሮፓው የሚለው ክርክር ወደፊትም ይቀጥል ይሆናል፤ አደራውን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ግን ሁለቱም መንገድ አይጠቅምም።

ይህ ለአገራችን ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ከተሞቻችን እየሰፉ መሄዳቸውን ይመልከት። አተላው ለላም ይሰጥ በነበረበት ሰፈር ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ ላሟም አተላውም ከከተማው ዳር ወጥተዋል። የተረፈው ሁሉ በመኪና እየተጫነ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ማርች 11 ቀን 2017 በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ማለቃቸውን ማንም አይረሳውም። በአገራችንም ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ በ2007፣ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም.፣ ዐዋጅ ቁጥር 513 ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ከእንግሊዝ ታሪክ እንዳየነው ዐዋጅ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ነገ ባዮጋዝ የሚያቋቁመው፣ መኖ የሚያቀነባብረው፣ ፈቃድ ሰጪም ተቆጣጣሪም ሆኖ የሚሾመው ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼን ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በየቤታችን የአትክልቱን ልጣጭ ከአጥንቱና ከሥጋው ለይተን እናስቀምጥ፤ ልጣጩ ለብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል፣ የተደባለቀው ግን ለሁለቱም አይሆንም። ሁለተኛ፣ በሽታ የገደለው ከብት ወይም ዶሮ ሲያጋጥመን ለውሻ ከመጣል ይልቅ ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም እናስታውቅ፤ በ2001 ጥፋቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ አለማስታወቅ መሆኑን አንርሳ። ሦስተኛ፣ የሳይንስ ትምህርታችንን ስንማር ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ቁጥር እንጂ ሊያሳይ ይገባው ነበር ብለን የገመትነውን አንጻፍ። በላቦራቶሪ ደብተር ውሸት የለመደ እጅ፣ ነገ በፋብሪካ መዝገብም ላይ እውነት ሊጽፍ ይቸገራል።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጆቻችሁ ስለ ቆሻሻ ልንማር ነው ቢሏችሁ አትናቁባቸው። ሐኪምና መሐንዲስ ለመሆን መመኘት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከቄራው በር ቆሞ መዝገቡን በእውነት የሚጽፍ ተቆጣጣሪም ብዙ ሕይወት ያድናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። እንግሊዞች ትምህርቱን የገዙት በ6 ሚሊዮን እንስሳትና በ178 ሰዎች ሕይወት ነው። ለእኛ ግን በነጻ ደርሶናልና እንጠቀምበት።

 ለትምህርት ቤታችንም መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን።